ሲስተም የለም

የወረዳው መስኮት ላይ «ሲስተም የለም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ይሄ እንኳን ብርቅ አይደለም። እኔን ያናደደኝ ወረቀቱ ላሚኔት መደረጉ ነው። እስቲ አስቡት፤ አንድ ሠራተኛ ቁጭ ብሎ ጽፎታል፣ ፕሪንት አድርጎታል፣ ከዚያ «ይሄ ነገር ቶሎ የሚያልፍ አይደለም፣ እንዳይቀደድ» ብሎ ፕላስቲክ አልብሶታል። ከታች ክብ ማህተም አርፎበታል። ለእኔ የልደት ምስክር ወረቀት የጠፋው ማህተም ለዚህ ተገኝቷል።

መብራት አለ። ኮምፒውተሩ በርቷል። ከመስኮቱ ጀርባ የተቀመጠችው ልጅ ስልኳ ላይ ቪዲዮ እያየች ትስቃለች፤ ስለዚህ ኔትወርክም አለ።

«እህቴ፣ መቼ ይመጣል?» አልኳት።

«ሲስተሙ?» አለች ቀና ሳትል። «እሱ አይታወቅም።»

ድሮ ሰበብ ባለቤት ነበረው። «ማህተም የያዘው ሰው ወጥቷል» ይሉን ነበር። ሰውየው ስም አለው፣ ሻይ የሚጠጣበት ቤት ይታወቃል። ሄደህ ትለምነዋለህ፣ ካልሆነም ትረግመዋለህ። ቀጥሎ «ስብሰባ ላይ ናቸው» መጣ። ስብሰባም ቢረዝም ያልቃል። «መብራት የለም» ሲሉህም፣ መብራቱ የመጣ ለታ የሰፈር ልጆች ጮኸው ይነግሩሃል። ሲስተም ግን ሲመጣም ሲሄድም ያየው የለም። የምትለምነው የለህ፣ የምትረግመው የለህ።

ነፍሷን ይማረውና ሴት አያቴ «ለሰበበኛ ቂጥ መረቅ አታብዛበት» ትል ነበር። እንግዳ ፊትም ቢሆን፣ የነፍስ አባቷ ፊትም ቢሆን። እናቴ በሀፍረት ወደ ጓዳ ትገባለች፤ አያቴ ደግሞ እናቴ ያልሰማች መስሏት ድምጿን ከፍ አድርጋ ትደግመዋለች። ከአማርኛ ተረትና ምሳሌ ሁሉ የዚህን ያህል የምወደው የለም። ነውር ነው ተብሎ በአደባባይ አይጠራም እንጂ፣ በየመሥሪያ ቤቱ ላሚኔት ተደርጎ መሰቀል የነበረበት እሱ ነው።

ወደ ቃሉ ልመለስ። ፈረንጆቹ ሲስተምን ለምን ለምን እንደሚጠቀሙበት እነሱ ያውቃሉ። እኛ ጋ ከመጣ ወዲህ ግን ሥራ በዝቶበታል። ሰርግ ላይ ሲስተም ማለት ድምፅ ማጉያ ነው፤ ዲጄው «ከባድ ሲስተም ይዣለሁ» ካለህ ሰፈሩ እንቅልፍ የለውም። ማኪያቶ ይዞ ስለ ኑሮ ውድነት የሚተነትነው ሰውዬ «ችግሩ የሲስተም ነው» ይላል። ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል፣ ማንም አይጠየቅም፣ ማኪያቶው ይደገማል። ሰፈር ውስጥ ደግሞ ሲስተም ብልጠት ነው። «በሲስተም ያዛት»፣ «በሲስተም አስወጣው»፣ «አንተ ሲስተም አይገባህም»።

የሚያንገበግበኝ ይሄኛው ነው። ሲስተም የለም በተባለበት በዚያው ቢሮ፣ በዚያው ሰዓት፣ ቆዳ ጃኬት የለበሰ ሰውዬ በጎን በር ገብቶ ወረቀቱን እያራገበ ይወጣል። እንዴት? በሲስተም! እንዲያውም ሁለቱ አንድ ላይ መሥራት የሚችሉ አይመስለኝም። የመስኮቱ ከሠራ በጎን በር ማን ይገባል? ሰልፉ ውስጥ ሕፃን ያዘለች ሴት አለች፤ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምራ ቆማለች። ልጁ አልቅሶ፣ ተኝቶ፣ ነቅቶ እንደገና ማልቀስ ጀምሯል። ጃኬት ለባሹ የገዛው የእሷን ቀን ነው። ሻጯ ግን እሷ አይደለችም።

ሲስተም ለሰው ያደላበት ጊዜም አለ። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ተሳስቶ፣ ሰዉ ሂሳቡ ውስጥ የሌለውን ብር ማውጣትና ማስተላለፍ ቻለ። ወሬው የዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ደረሰና ተማሪው በሌሊት ኤቲኤም ላይ ተሰለፈ። (እኔ ያን ሌሊት ተኝቻለሁ፤ ምንም አልልም።) ባንኩ የሳይበር ጥቃት አይደለም አለ፤ ብሩን ያልመለሱ ናቸው ያላቸውን ሰዎች ስምና ፎቶም ለጠፈ። የሰው ገንዘብ መመለስ አለበት፣ በዚህ አልከራከርም። ግን አያችሁ? ሲስተም በስህተት ከሰጠህ ስምህም ፎቶህም ይገኛል። ሲከለክልህ የማንም ፎቶ አይለጠፍም።

ሲስተም ከተነሳ ደግሞ አንድ ጓደኛዬን ሳላነሳ አላልፍም። ስሙን አልጠራም፣ ራሱን ያውቃል። ድሮ ሂሳብ ሲመጣ እጁን ሊታጠብ ይነሳ ነበር። ጥሬ ሥጋ በልቶ መታጠብ ያለ ነው ብለን ዝም አልን። ሻይ ጠጥቶም መታጠብ ሲጀምር ነቃን። በስልክ መክፈል ከመጣ በኋላ ግን ሰለጠነ። አሁን ከሁላችንም ቀድሞ «ሞቼ እገኛለሁ! በእኔ ነው!» ይላል። አስተናጋጁን ክንዱን ይዞ ይሟገትልናል። ስልኩን ያወጣል። ይነካካል። ፊቱን ያጨማድዳል። «ኧረ ምን ጉድ ነው... ሲስተም እምቢ አለ።»

ስክሪኑን ደረቱ ላይ ለጥፎ ነው የሚይዘው። አንዴ «እስቲ ልየው» ብለው «የግል ነው» አለኝ። ክትፎው የጋራ፣ ስክሪኑ የግል! እኔ ከከፈልኩ በኋላ፣ ገና ከወንበሩ ሳይነሳ፣ በዚያው ስልክ ለእጮኛው ካርድ ሞላላት። «ገባልሽ?» ብሎም ደወለላት። ገብቶላታል። አያቴ ብትኖር ከዚያ ቀን ጀምሮ መረቅ አታቀምሰውም ነበር።

ከምን ተነስቼ ነበር? አዎ፣ የልደት ወረቀት። አልወጣም። ይህንኑ ለጓደኛዬ ብነግረው ሳቀብኝ።

«አንተ ደግሞ እስካሁን መስኮት ላይ ትሰለፋለህ? ሲስተም አይገባህም እንዴ? እዚያ ወረዳ የማውቀው ልጅ አለ። ምሳ ብቻ እንጋብዘዋለን፤ እሱንም እኔ እከፍላለሁ።»