ስም፣ ቅንፍ፣ ክለብ፤ አለቀ!

ወገን፣ ዛሬ አንጀቴ አርሯል፤ የኳስ ተጫዋቾቻችን ታሪክ የሚመዘግበው አጥቶ መቅረቱ ነው ያሳረረኝ። ጽሑፉ ስለሚረዝም የቸኮለ ይለፈው።

ነገሩ የተነሳው በአንዲት ሚሪንዳ ነው። ቅዳሜ ማታ እዚሁ ደብረ ማርቆስ፣ ሁሌ ኳስ ከምናይበት ዲኤስቲቪ ቤት ተኮልኩለናል። ዝናቡ መጣና ምስሉ ተቆራርጦ ቆመ። ባለቤቱ ላስቲክ ተከናንቦ ጣራ ላይ ወጣ፣ እኛም እስኪወርድ ወሬ ጀመርን። አንዱ «ከእኛ አገር ተነስቶ አውሮፓ የተጫወተ አጥቂ የለም» ሲል «ሳላዲን ሰይድስ? ቤልጂየም፣ ሊርስ!» አልኩት። «ሳላዲን? እሱማ ግብፅ ነው፤ ማርቆስን!» ብሎ ማለ። ተወራረድን። ስልኮች ወጡ። አንዱ ገጽ ላይ ዋዲ ደግላና አል አህሊ አሉ፣ ሊርስ የለም። ሌላው ላይ የአልጄሪያው ኤምሲ አልጀር ገብቷል፣ ዋዲ ደግላ ተዘሏል። ሦስተኛው ላይ ሊርስን አገኘሁት ብዬ ስፈነጥዝ ዓመቱ ከግብፁ ክለብ ዓመት ጋር ተደራርቧል። «አየህ! ሰው ባንድ ጊዜ ሁለት አገር አይጫወትም፤ ውሸት ነው» አለኝ። «በውሰት የሚባል ነገር አለ እኮ» ብል ማን ይስማኝ። ሚሪንዳዋን እኔ ከፈልኩ። እውነቱን ይዤ!

ይኸው ሰውዬ፣ ስለ ማንቸስተር ሲቲ ሦስተኛ በረኛ ጠይቁት። በስንት ዓመቱ የትኛው አካዳሚ እንደገባ፣ ለየትኛው ክለብ በውሰት እንደተሰጠ፣ ጉልበቱን መቼ እንደተጎዳ፣ ሚስቱ ማን እንደሆነች ሳይቀር ይዘረግፍላችኋል። አልፈርድበትም። የዚያኛው ተጻፈለት፣ የእኛው አልተጻፈለትም።

እስኪ የብሔራዊ ቡድን ጥሪ ሲወጣ አስተውሉ። «አሰልጣኙ ለሚከተሉት ተጫዋቾች ጥሪ አድርገዋል» ይልና ግብ ጠባቂዎች፣ ተከላካዮች፣ አማካዮች፣ አጥቂዎች። ስም፣ ቅንፍ፣ ክለብ፤ አለቀ። ልጁ ከየት ተነሳ? የት ሰፈር፣ በየትኛው የታዳጊዎች ፕሮጀክት ኳስ ጀመረ? ለስንተኛ ጊዜ ነው የተጠራው? ስንት ጨዋታ፣ ስንት ጎል? ባለፈው የተጠራው ሰውዬስ ምን ሆኖ ቀረ? ተጎዳ? አረጀ? ተጣላ? ዝም። ለአህጉር ዋንጫ ሲሆን እንኳ ያው ነው። ካሜሩን ላይ በ2014 ዓ.ም. ሙሉ ቡድን ይዘን ሄድን። ከሄዱት ልጆች የስንቱን የኳስ ሕይወት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ትነግሩኛላችሁ? ኳስ ወዳድ ነኝ የምትሉትን ነው የምጠይቀው። እኔ ራሴ ከአምስት አላልፍም፣ አፍሬ ነው የምናገረው።

ከዚያ የውጭ ኮሜንታተር ይመጣል። «ኬቤዴ! ኬቤዴ አገባ!» ይላል። ጌታነህ ከበደ ነው እኮ! መጀመሪያ ሰሞን አንድ ጎረቤቴ፣ እኔ አያ የምላቸው ሽማግሌ፣ አብረውን ሲያዩ «አባትየውም ተሰልፈዋል እንዴ?» ብለው ጠይቀዋል። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ ካለፈ በኋላ ግን ነገሩ ገባኝ። ጌታነህ ተብሎ እዚህ፣ ከበደ ተብሎ እዚያ ሲመዘገብ፣ ስሙ ደግሞ በላቲን ፊደል ሦስት ዓይነት ሲጻፍ፣ አንዱ ሰው ሦስት ሰው ይሆናል። ጎሎቹም ለሦስት ይካፈላሉ።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። እኔ ፎቶ ኮፒና ጽሕፈት ቤት ነው ያለኝ። ባለፈው ወር አንድ ልጅ መጣ፤ 18 ዓመቱ ነው፣ ቀጭን፣ እግሩ እንደ ፌንጣ። ሌላ ከተማ ያለ ክለብ ሞክሮት ወዶታል፣ ቅጽ ሙላ ብሎታል። «ጋሼ፣ ይቺን በኮምፒውተር ይሙሉልኝ» አለኝ። ቅጹ ላይ «ከዚህ በፊት የተጫወተባቸው ክለቦች፣ ከመቼ እስከ መቼ» የሚል ሠንጠረዥ አለ። ልጁ በቃሉ ነገረኝ፤ ሁለት ዓመት ታዳጊ ፕሮጀክት፣ አንድ ዓመት ተኩል አንድ የከተማ ቡድን። «ማስረጃ ይያያዝ» ይላል ከታች። ሄደ። የፕሮጀክቱ አሰልጣኝ መዝገቡን በደብተር ነበር የሚይዘው፤ ሰውዬው ተዛወረ፣ ደብተሩም አብሮ ተዛወረ። የከተማው ቡድን ደግሞ መልቀቂያ ለመስጠት ቴሴራህን (የተጫዋችነት መታወቂያህን) አምጣ አለው። ቴሴራው ያለው እነሱው ጋ! መሳቢያ ተከፈተ፣ የለም። ሌላ መሳቢያ ተከፈተ፣ የሦስት ዓመት የስፖርት ሳምንት መፈክር ተገኘ። ቴሴራ የለም። «ነገ ና።» ነገ ሄደ። «ጸሐፊዋ ለቅሶ ሄዳለች፣ ሰኞ ና።»

ይኼ ሁሉ ይሁን። ቢያንስ ተጫውቻለሁ የሚል ደብዳቤ በልመና አገኘ። ደብዳቤውን ሳየው ደሜ ፈላ። ልጁ የተወለደው ሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ነው። ደብዳቤው ላይ «2000» ብለው ከጎኑ «እ.ኤ.አ.» ጨምረውበታል። በእነሱ አቆጣጠር እኮ 2008 ነው! ልጁ በአንዲት «እ.ኤ.አ.» ስምንት ዓመት አረጀ። ከ20 ዓመት በታች ሊመዘገብ የሄደ ልጅ 26 ዓመት ሆኖ አረፈው። «ጋሼ፣ ዝም ብዬ ብሰጣቸውስ?» ይለኛል። አብደሃል እንዴ ልጄ! ይቺ ወረቀት አንዴ ከገባች ዕድሜ ልክህን ትከተልሃለች። ከዚያ አገር ሁሉ «ኢትዮጵያውያን ዕድሜ ይቀንሳሉ» ይበል። የሚቀንስ የለም አልልም፤ አለ፣ እናውቃለን። ግን ስንቱ በመስከረምና በጃንዋሪ መካከል ጠፍቶ እንደቀረ ማን ቆጠረ?

«ምን አስጨነቀህ፣ ወረቀት ነው» የሚለኝ ይኖራል። እሺ፣ በብር ላስረዳ። ፊፋ ያወጣው ሕግ አለ። አንድ ተጫዋች በክፍያ ከአገር አገር ሲዘዋወር ከክፍያው 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሳደጉት ክለቦች ይከፋፈላል። ከ12 እስከ 15 ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት ሩብ በመቶ፣ ከ16 እስከ 23 ላለው ግማሽ በመቶ። እስቲ አስሉት። ያ ልጅ አንድ ቀን በ1 ሚሊዮን ዶላር ቢሸጥ፣ ከ16 ዓመቱ ጀምሮ ሁለት ዓመት ያቆየው የጎጃም ቡድን 10 ሺህ ዶላር ያገኛል። 10 ሺህ ዶላር! ማሊያና ኳስ ለመግዛት ከሱቅ ሱቅ ለሚለምን ቡድን! ግን ገንዘቡ የሚመጣው በምዝገባ ነው። ልጁ ከየት እስከ የት የማን እንደነበረ የሚያሳይ መዝገብ ከሌለ አምስት ሳንቲም የለም። ያቺን መሳቢያ አስታወሳችሁ? የመፈክሯን?

ለዓለም ዋንጫ መመረጥማ ሌላ ነው። ለኳታሩ የ2022 ዋንጫ ፊፋ ተጫዋቾቻቸውን ለለቀቁ 440 ክለቦች 209 ሚሊዮን ዶላር አከፋፍሏል። ያውም ለመጨረሻው ክለብ ብቻ አይደለም፤ ከውድድሩ በፊት በነበሩት ሁለት ዓመታት ልጁ የተጫወተባቸው ሁሉ ይደርሳቸዋል። እዚያ አገር የአንድ ሰው የኳስ ታሪክ እንደ ባንክ ደብተር ነው። እኛ ጋ እንደ ወፍጮ ቤት ዱቄት በንኖ ይጠፋል።

አለመመዝገብ ያስከፈለንን እንደሆነ እንኳን እኛ ዓለም ያውቀዋል። ሰኔ 9 ቀን 2005 ዓ.ም. አስታውሱ። አዲስ አበባ ላይ ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 አሸነፍን። እዚህ ማርቆስ ሰው መንገድ ላይ ወጥቶ ይጨፍራል፤ እኔ ድምፄ ሦስት ቀን አልተመለሰም። ጭፈራው ሳያልቅ ወሬ መጣ፤ ምንያህል ተሾመ በሁለት ቢጫ ማረፍ ሲገባው ከቦትስዋና ጋር ተሰልፏል፣ ፊፋ ጉዳዩን ይዞታል። ሁለት ቢጫ! በተለያየ ጨዋታ፣ በወራት ልዩነት። የሚያስፈልገው እስከ ሁለት መቁጠር የሚችል አንድ ሰውና አንድ ደብተር ነበር። ሦስት ነጥብ ተቀነሰብን። እግዜር ረድቶን ምድቡን በአንደኝነት አለፍን፣ ከዚያ ናይጄሪያ አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1፣ ካላባር ላይ 2 ለ 0 አሸንፋ የብራዚሉን የዓለም ዋንጫ ቀማችን። በኳስ መሸነፍ ያለ ነው፤ የማይዋጥልኝ የደብተሯ ነገር ነው። የልጁንም ስም አስቡት፤ ስንት ኳስ የተጫወተ ልጅ «ያ ባለ ሁለት ቢጫው» ሆኖ ቀረ። እሱ ነው እንዴ ቢጫ መቁጠር የነበረበት?

መብራት ሄዶ መጣ። ልቀጥል።

ኬፕ ቨርዴን ታውቋታላችሁ? ካሜሩን ላይ በመጀመሪያው ጨዋታ 1 ለ 0 ያሸነፈችን። ያሬድ ባየህ ገና በ12ኛው ደቂቃ በቀይ ወጥቶብን በዐሥር ሰው ነበር የተጫወትነው፣ ስለዚህ ያን ያህል አልተናቅንም ብለን ተጽናናን። ያቺ የደሴቶች አገር ለ2026 የዓለም ዋንጫ አለፈች! ሕዝቧ ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ነው። ምሥራቅ ጎጃም ብቻውን በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከ2 ሚሊዮን በላይ ነበር። እንዴት ቻሉ? ሰው ቆጠሩ፣ በቃ! በየአገሩ የተበተነውን ልጃቸውን እየፈለጉ፣ የት እንደሚጫወት እየመዘገቡ ጠሩት። ሮቤርቶ ሎፔስ የሚባለውን ተከላካያቸውን እዩ፤ ደብሊን ተወልዶ ያደገ፣ ለአየርላንዱ ሻምሮክ ሮቨርስ የሚጫወት። አሰልጣኙ ያገኙት ሥራ በሚፈለግበት በሊንክዲን ነው። በፖርቱጋልኛ ጻፉለት፣ ልጁ የአጭበርባሪ መልእክት መስሎት ወራት ዝም አላቸው። እንደገና ጻፉለት። አሁን የዓለም ዋንጫ ቡድን ተከላካይ ነው። እኛ ማርቆስ ያለውን ልጅ ፋይል ከአንድ ቢሮ ሁለተኛ መሳቢያ ማግኘት አቃተን፣ እነሱ ሰው ከሊንክዲን ያወጣሉ።

ሜዳውም ርቆናል እንጂ ቢያንስ በዓይናችን እያየን እንመዘግብ ነበር። ኅዳር 9 ቀን 2012 ዓ.ም. ባሕር ዳር ስታዲየም አይቮሪኮስትን 2 ለ 1 ስናሸንፍ ነበርኩ። ከማርቆስ በሌሊት ተነስተን፣ ሚኒባሱ ውስጥ ተጣጥፈን፣ ደንበጫ ላይ ቁርስ ሳንበላ አለፍን። ያን ቀን የእያንዳንዱን ልጅ አሯሯጥ እስካሁን በዓይኔ አየዋለሁ። ከዚያ የአፍሪካን እግር ኳስ የሚመራው ካፍ ስታዲየሙን ከለከለ። በሁለት ዓመቱ ጋናን «በሜዳችን» ያስተናገድነው ጆሃንስበርግ ነው። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ግብፅን 2 ለ 0 የረታንበት «ሜዳችን» ደግሞ ሊሎንግዌ፣ ማላዊ! ግብፅን ማሸነፍ በዕድሜ ስንቴ ይገኛል? እኛ በስልክ አየነው፣ እሱም እየተቆራረጠ።

አንድ ነገር ልንገራችሁና ግረሙ። የአፍሪካን ዋንጫ አዲስ አበባ ላይ የበላነው ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ነው፣ የቃና ዘገሊላ ማግስት፣ በጭማሪ ሰዓት ግብፅን 4 ለ 2። ከውድድሩ 31 ዓመት ርቀን ቆይተን ስንመለስ ደቡብ አፍሪካ ላይ ከዛምቢያ ጋር 1 ለ 1 የወጣነውም ጥር 13 ነው፣ 2005 ዓ.ም.፤ አዳነ ግርማ ያገባት። ቀን ከቀን ገጥሞ! ይኼን የሰማሁት ከማንም ጋዜጠኛ አይደለም፤ ሥራ ሲቀዘቅዝ ቀን እየመነዘርኩ ራሴ ነኝ ያገኘሁት። ከ1954ቱ ቡድን መንግሥቱ ወርቁን፣ ሉቺያኖንና ኢታሎ ቫሳሎን እንጠራለን። የቀሩትንስ? እዚያ ዲኤስቲቪ ቤት ጠየቅሁ። ዝም። ሰውዬው ስልኩን አወጣ፣ እኔም «ተወው፣ ሌላ ሚሪንዳ አልከፍልም» አልኩት።

ለማንኛውም ያንን ደብዳቤ አስመልሼ፣ «ሚያዝያ 2000 ዓ.ም.» ብዬ፣ ከጎኑም የእነሱን 2008 ጨምሬ ራሴ ጻፍኩላቸው። ልጁ ዛሬ ጠዋት ሊያስፈርም ወሰደው። ይኼን እየጻፍኩ ደወለ። ፈርመውበታል። ማህተሙ ግን ያለው ጸሐፊዋ ጋ ነው፤ እሷ ደግሞ አርባውን ሳታወጣ አትመጣም አሉት።