ጠያቂ ትውልድ በ40 ደቂቃ

አሜሪካኖች ነገር ማርዘም ይወዳሉ። ሮበርት ካርፕለስ የሚባል የበርክሌይ ፊዚክስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ተነሳና፣ ልጅ ሳይንስ ሲማር መጀመሪያ ዕቃውን ይነካካ፣ ትርጉሙ በኋላ ይድረስ አለ። እ.ኤ.አ. በ1987 ደግሞ ሌሎች መጥተው አምስት ደረጃ አበጁለት፦ ማነሳሳት፣ መመርመር፣ ማብራራት፣ ማስፋት፣ መገምገም። አንዱን ዙር ለመጨረስ ስንትና ስንት ክፍለ ጊዜ ያቃጥላሉ። ያሳዝናሉ።

እኛ ኮዬ ፈቼ አካባቢ ባለ አንድ ትምህርት ቤት በ40 ደቂቃ ጥንቅቅ እናደርገዋለን። ያውም ስም ተጠርቶ!

ማነሳሳት፦ «ደብተር አውጡ!» ክፍሉ በሙሉ ይነሳሳል።

መመርመር ላይ መምህሩ ሰሌዳው ላይ ውሃ ያለበት ሳህን፣ መሃሉ ላይ ሻማ ይስላሉ። ብርጭቆ ይደፉበታል፤ እሱም በጠመኔ ነው። ከዚያ ነበልባሉን በዳስተር ጠረግ። ጠፋ! ሻማ አይገዛ፣ ብርጭቆ አይሰበር፣ ውጤቱ አይሳሳት። «ኦክስጅን ስላለቀ ነው፣ ውሃውም በቦታው ይገባል። ጻፉ። ገባችሁ?» «አዎ ቲቸር!» ግምገማውም በዚያው አለቀ። ማስፋት የሚያስፈልገውስ ክፍሉን ነው፤ አንድ ዴስክ ላይ አራት ልጅ ተጣቧል።

ሥርዓት የሌለው ልጅ ግን አይጠፋም። አንዷ ማታ ሰፈሩ መብራት ሲሄድ (ለሳይንስ እንዲህ የሚተባበር መብራት የት ይገኛል?) ውሃ ያለበት ሳህን ላይ ሻማ አቁማ ብርጭቆ ደፋችበት። በማግስቱ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ሻማው እየነደደ ውሃው ብዙም አልገባም። በደንብ የገባው ከጠፋ በኋላ ነው። ለምን?»

ድፍረቷ! መጽሐፉ ሳያዛት ሻማ ትለኩሳለች? ለነገሩ ያየችው ትክክል ነው። የጋለው አየር ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ይቀንሳል፤ ያኔ የውጩ አየር ውሃውን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ዋናው ምክንያት የኦክስጅን ማለቅ አይደለም። ግን ይሄን ማሳየት እውነተኛ ሻማ ይጠይቃል፣ ምዕራፉም መሸፈን አለበት። መምህሩ በአባታዊ ትዕግሥት «እሱ ፈተና ላይ አይመጣም፣ ተቀመጪ» አሏት።

ከኋላ የተቀመጡት ሱፐርቫይዘር ቅጹ ላይ «ተማሪዎች ይጠይቃሉ» ከሚለው ጎን አንድ ወፍራም ራይት አደረጉ። ትምህርት ቤቱ በምርጥ ተሞክሮነት ተመርጧል። ሌሎች ትምህርት ቤቶች ለጉብኝት ሲመጡ ሻማው ደመቅ ብሎ እንዲታይ የባለቀለም ጠመኔ በጀት ተጠይቋል።