ዛፏ ደርቃለች፣ ቶከኗ ግን በሕይወት አለች

እሰይ! አሁን ገና ደን ሊድን ነው። ሰሞኑን በአንድ የኦንላይን ስብሰባ ላይ አቅራቢው "እያንዳንዱ ዛፍ ብሎክቼን ላይ ይሰፍራል" ሲል ሰማሁና አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ብሎክቼን ማለት ብዙ ኮምፒውተሮች በጋራ የሚይዙት፣ እንደ ሰንሰለት የተያያዘ ዲጂታል መዝገብ ነው። ሰውዬውን እናንተም ታውቁታላችሁ። ስላይዱ ሁሌ አረንጓዴ ነው። ዛፍ ግን ተክሎ አያውቅም።

እስቲ አንዷን ችግኝ እንከተላት። ገና መሬት ሳትነካ ከእህቶቿ ጋር ተደምራ ቶከን፣ ማለትም መዝገቡ ላይ የሚሸጥና የሚለወጥ ዲጂታል ሰነድ፣ ወጣላት፤ አንድ ቶከን፣ ከአየር ይመጠጣል የተባለ አንድ ቶን ካርቦን። ተሸጠች። ገዢው አትርፎ ለሌላው ሸጣት፣ ያኛው ደግሞ እሷኑ አስይዞ ተበደረ። በዚህ መሃል አንዲት ፍየል መጥታ ቆረጠመቻት። ታዲያ ምን ችግር አለ? መዝገቡ አይሰረዝም፣ አይደለዝም፤ በሺህ የሚቆጠሩ ኮምፒውተሮች በአንድ ድምፅ "አለች" ብለው ይመሰክራሉ። ፍየሏ ኖድ (መዝገቡን ከሚይዙት ኮምፒውተሮች አንዱ) ስላልሆነች ድምጿ አይቆጠርም። ይባስ ብሎ የችግኟ ዋጋ ጨመረ፤ ብርቅዬ ሆናለቻ! አሁን ቅጠል የላትም፣ ሥር የላትም፣ ባለአክሲዮን ግን ሞልቷታል።

ፈጠራ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2021 ገዢ አጥተው ዓመታት የከረሙ የካርቦን ክሬዲቶች ("ይህን ያህል ብክለት ቀንሷል" ተብለው የሚሸጡ ማረጋገጫዎች) ቶከን ለብሰው ገበያ ወጡ። በ2022 አንድ ትልቅ የክሬዲት መዝጋቢ ድርጅት "አንዴ አገልግለው የተዘጉ ክሬዲቶችን ቶከን ማድረግ ይቁም" አለ። ምቀኛ!

ብሎክቼን መብራት ይበላል የሚሉም አሉ። ኢቴሪየም የተባለው ብሎክቼን እንኳ በዚያው በ2022 አሠራሩን ቀይሮ ፍጆታውን ከ99 በመቶ በላይ ቀንሷል፣ እሱን አንማው። ቢትኮይን ግን አሁንም አንድ አገር የሚያህል ኤሌክትሪክ ይጎርሳል።

ቀልዱ ይቅር። ብሎክቼን የገባለትን ነገር ማንም እንዳይነካው ይጠብቃል እንጂ፣ ሲገባ እውነት ይሁን ውሸት በምን ያውቃል? ወንዙ ውስጥ መርዝ የሚለቀው ቱቦ የት እንዳለ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ተቆጣጣሪው ናሙና ወስዷል፣ ሪፖርት ጽፏል፣ ሪፖርቱም መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል። መዝገብ የጠፋበት ማነው? የጠፋው ደፍሮ የሚቀጣ ነው! ልጆች ያንን ውሃ እየጠጡ ስለ ሰንሰለት ታወራላችሁ?

ለማንኛውም ሁለተኛው ምዕራፍ ተጀምሯል አሉ። ቱቦው ላይ ሴንሰር ተገጥሞ መረጃው በየደቂቃው ሰንሰለቱ ላይ ይሰፍራል፣ ወንዙም የራሱ ዋሌት (ዲጂታል የገንዘብ ቦርሳ) ይከፈትለታል። በጣም ደስ ብሎኝ "ሴንሰሩንስ ማን ይቆጣጠረዋል?" ብዬ ጠየቅሁ።

"ለጊዜው ፋብሪካው" ተባልኩ።