ላሊበላ ጠፍቶ ነበር እንዴ?

ባለፈው ሳምንት ደሴ ውስጥ አንድ አዳራሽ ተገኝቼ ነበር። የሴቶች ቀን ነው የተባለው። መድረኩ ላይ አምስት ወንዶች ተደርድረዋል። ሴቶቹ ከኋላ ቡና ያፈላሉ፣ ዳቦ ይቆርሳሉ። መቼም የሴቶች ቀን ያለ ሴት አይደምቅም።

ከንግግሩ በኋላ የጠቅላላ ዕውቀት ውድድር መጣ። ርእሱ «አገሮች፣ አሳሾችና ፈር ቀዳጅ ሴቶች በዓለም ታሪክ» ነው። ሽልማቱ ፔርሙዝ። መድረክ መሪው ካርዱን አነሳ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ጠየቀ።

«ላሊበላን ያገኘው አውሮፓዊ አሳሽ ማን ነው?»

አዳራሹ ጭጭ አለ። ስኒ የሚያድሉ አንዲት እናት ትሪያቸውን እንደያዙ ቀጥ ብለው ቆሙ። የላስታ ሰው ናቸው፣ የላሊበላ አገር።

«ጠፍቶ ነበር እንዴ?» አሉ።

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። መድረክ መሪው ግን ፊቱን አልፈታም። «እማማ፣ የሚመልሰው ተወዳዳሪ ብቻ ነው» አላቸው። መልሱ፣ በካርዱ መሠረት፣ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ነው። ነጥብ ተያዘ። ላሊበላም በሰላም ተገኘ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ከደስታ ብዛት ነው። ለካ እንዲህ ዓይነት ሰዎች ባይኖሩን ኖሮ አገሩ ሁሉ ጠፍቶ ቀርቶ ነበር! ስለዚህ የዛሬው ጽሑፌ ምስጋና ነው። «ማን አገኘው?» እና «የመጀመሪያዋ ማን ናት?» እያሉ ለሚውሉ ወገኖቼ ይድረስልኝ።

ታውቋቸዋላችሁ። እዚህ ደሴ፣ ፒያሳ ያለ ካፌ ሁሉ አንድ አለው። ማኪያቶውን ይዞ ይቀመጣል። ገና ወንበር ሳትስብ «በዓለም የመጀመሪያዋ ሴት ጠፈርተኛ?» ይልሃል። ቫለንቲና ቴሬሽኮቫ፣ 1963፣ ቮስቶክ 6፣ መሬትን 48 ጊዜ ዞረች። እንደ ዳዊት ይደግመዋል። ማኪያቶውን ያመጣችለትን ልጅ ግን በጭብጨባ ነው የሚጠራት። ዓመት ሙሉ አስተናግዳዋለች፣ ስሟን አያውቀውም። ቴሬሽኮቫ ጠፈር ከመውጣቷ በፊት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ እንደነበረች ካርዱ ላይ የለም። ቢኖር ኖሮ ኮምቦልቻ ላይ ፈረቃ ጨርሰው ባጃጅ የሚጠብቁትን ሴቶች ቀና ብሎ ያያቸው ነበር። ኧረ አያያቸውም፣ እኔም አበዛሁት።

ሌላኛው ዓይነት ደግሞ ካሜራ ያለው ነው። «በከተማችን የመጀመሪያዋ ሴት» የምትባል ሾፌር ሲያገኝ አበባ ያስይዛታል፣ ፎቶ ያነሳታል፣ ይለጥፋታል። በማግስቱ መንገድ ላይ ሲያገኛት «አንቺ፣ መንዳት ካልቻልሽ ቤትሽ አትቀመጪም?» ብሎ ጥሩምባውን ያምባርቅባታል። አይፈረድበትም። የሴቶች ቀን አልፏላ።

(ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምቆጥረው። ግኝቱ የእነሱ ከሆነ ካላንደሩም የእነሱ ይሁን።)

አልቫሬዝን እንኳ አልወቅሰውም። ሰውየው ቄስ ነው። በ1520 ከፖርቱጋል ልዑካን ጋር እንግዳ ሆኖ መጣ፣ ስድስት ዓመት ቆየ። ላሊበላን ሲያይ ደነገጠ። ከዚህ በላይ ብጽፍ የሚያምነኝ የለም ብሎ ሰጋ። ያኔ አብያተ ክርስቲያናቱ ከተፈለፈሉ 300 ዓመት ገደማ ሆኗቸዋል። ሰውየው «አየሁ» ነው ያለው። «አየሁ»ን «አገኘሁ» ያደረጉለት የኛ ካርድ ጸሐፊዎች ናቸው። እጃቸው ይባረክ።

የዚህ ሙያ ጌታ ጄምስ ብሩስ ነው። ይህ ስኮትላንዳዊ በ1770 የአባይን ምንጭ ብሎ ግሽ ደረሰ። ግሸን አላልኩም፣ ግሽ። ጎጃም ነው፣ አምባሰል እንዳትፈልጉት። ምንጩ ዳር ቆሞ በኮኮናት ቅርፊት ውሃ ቀዳና ለንጉሡ ለጆርጅ ሣልሳዊ ጤና ጠጣ። የአገሩ ሰው ያንን ውሃ ጠበል ነው ብሎ ሲጠጣው ኖሯል፣ ግን ለጆርጅ ብሎ አልጠጣም። ስለዚህ አይቆጠርለትም። የባሰው ደግሞ ፔድሮ ፓኤዝ የሚባል ስፔናዊ ኢየሱሳዊ (የካቶሊክ ሚሲዮናዊ) እዚያው ቦታ በ1618 ቆሞ ነበር። ብሩስ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ፓኤዝ አልደረሰም ብሎ ጻፈ። አለቀ።

ይህን ሳነብ እኔም አሳሽነት አማረኝ። ዘዴው ቀላል ነው። ሰው ወዳለበት ትሄዳለህ። መንገዱን ሰው ትጠይቃለህ። የሰጡህን ትጠጣለህ። ተመልሰህ «ማንም አልነበረም» ትላለህ። ቅዳሜ ጠዋት ከፒያሳ ተነሳሁ። ዓላማዬ እዚሁ ደሴ ያለውን ሰኞ ገበያን ማግኘት ነው።

ማስታወሻዬ እነሆ።

ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ በጉም ውስጥ ጉዞ ጀመርኩ። ስንቄ ሁለት ሳምቡሳ። የስልኬ ባትሪ 14 በመቶ። አንድ ሊስትሮ መንገድ መሪ አድርጌ ቀጠርኩ። ስሙን ነግሮኛል፣ እንደ ደንቡ ግን አልጽፈውም። በ1498 ቫስኮ ዳ ጋማን ከማሊንዲ ሕንድ ያደረሰው መርከብ መሪ ማን እንደነበረ ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። በዳ ጋማ ስም ላይ ግን ክርክር የለም። እኔ ከዳ ጋማ አልበልጥም።

3፡20 ላይ የመጀመሪያውን ነዋሪ አገኘሁ። ሰላማዊ ነው። «የማን ልጅ ነህ?» አለኝ። የአካባቢው የአቀባበል ሥነ ሥርዓት ይመስለኛል። አባቴን ነገርኩት፣ አላወቀውም። አጎቴን ነገርኩት፣ አወቀው። አጎቴ ያልከፈለውን ብር አነሳብኝ። ጉዞዬን በፍጥነት ቀጠልኩ።

ጉሙ ሲገለጥ አንድ ትልቅ ተራራ ታየኝ። መሪዬ «ጦሳ ነው» አለ። ልጅ ነው ብዬ አለፍኩት። ተራራውን በባለዕዳው አጎቴ ስም ሰየምኩት። ከዛሬ ጀምሮ ካርታ የምትሥሉ ሰዎች አስተካክሉልኝ።

4 ሰዓት ላይ ታላቁ ግኝት ሆነ። ጭስ አየሁ። ጭሱን ተከትዬ ስደርስ አንዲት ሴት ሸራ ሥር ቁጭ ብላለች። ቄጤማ ጎዝጉዛለች። አንገቱ ረጅም የሆነ ጥቁር የሸክላ ዕቃ እሳት ላይ ጥዳለች። መሪዬ «እኔ ሁሌ እዚህ ነው የምጠጣው» አለኝ። እንዳልሰማ ሆንኩ። አቦሉን ለአገሬ ጠጣሁ። ቶናውን ለራሴ ጠጣሁ። በረካውን፣ ምን አለበት ብዬ፣ ለጆርጅ ሣልሳዊ ጠጣሁ። ባንዲራ ስላልያዝኩ ሶፍት ስንጥር ላይ ሰክቼ ተከልኩ። ሴትየዋ እዚያች ቦታ 20 ዓመት ቡና እንዳፈላች አጫወተችኝ። እኔም ማስታወሻዬን አውጥቼ «ቦታው ሰው ደርሶበት አያውቅም» ብዬ ጻፍኩ። ስሙን ስጠይቅ ሰኞ ገበያ አሉኝ። የደረስኩት ቅዳሜ ስለሆነ ቅዳሜ ገበያ ብዬዋለሁ።

«ወንድምዓለም፣ ሒሳብ» አለችኝ። ይህንን ብሩስ አልነገረኝም።

ሰኞ ካፌ ገብቼ ግኝቴን አወጅኩ። አንዱ ጓደኛዬ «እኔ እኮ ዓርብ እዚያው ጠጥቻለሁ» አለ። አልደረሰም ብዬ ጽፌያለሁ።

በነገራችን ላይ ወሎም የአሳሽ መፍለቂያ ናት። ሄንሪ ስታንሊ በ1868 መቅደላ ነበር፣ የእንግሊዝን ጦር የሚከተል ጋዜጠኛ ሆኖ። ሦስት ዓመት ቆይቶ ታንጋኒካ ሐይቅ ዳር፣ ኡጂጂ ላይ፣ ጠፋ የተባለውን አሳሽ ሊቪንግስተንን «አገኘው»። ሊቪንግስተን ኡጂጂ እንዳለ የኡጂጂ ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር። የጠፋው ለጋዜጣ አንባቢ ነው።

ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ ከጥያቄዎቹ አንዱን እቀበላለሁ። «ሉሲን ማን አገኛት?» ዶናልድ ጆሃንሰን፣ 1974፣ ሐዳር። ሐዳር ያኔ ወሎ ክፍለ ሀገር ውስጥ ነበር፣ ስለዚህ ድንቅነሽ የአገር ልጅ ናት። 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ አፈር ውስጥ ተኝታለች። እሷስ በእርግጥ ጠፍታ ነበር።

ፈር ቀዳጅ ሴቶች ላይ ሲደረስ ካርዱ ይበልጥ ይራቀቃል። «የተመራማሪው ኮሜርሶን ረዳት የነበረችው ሴት ማን ናት?» ይላል። ዣን ባሬ ናት። ዓለምን በመዞር የመጀመሪያዋ ሴት ተብላ የምትታወቀው እሷ ናት እኮ! የፈረንሳይ ባሕር ኃይል ሴት መርከብ ላይ አያሳፍርም ነበርና በ1766 የወንድ ልብስ ለብሳ ከቡጌንቪል ጉዞ ጋር ተሳፈረች። ኮሜርሶን እግሩን ሲያመው ዕቃ ተሸክማ ተራራ የምትወጣው፣ ዕፅዋት የምትለቅመው እሷ ናት። አበባው ግን በጉዞው አዛዥ በቡጌንቪል ስም ተጠራ። ኮምቦልቻ አጥር ላይ ተንዠርጎ የምታዩት፣ ቡጌንቪሊያ የሚባለው አበባ እሱ ነው። አዛዡ አበባ አገኘ፣ እሷ «ረዳት» ተባለች። ካርድ ጸሐፊያችን ከ250 ዓመት በኋላም ለአዛዡ ታማኝ ነው።

ቀጠለ። «በዓለም የመጀመሪያዋ ሴት መሪ?» ሲሪማቮ ባንዳራናይኬ፣ ስሪላንካ፣ 1960። «ጠቅላይ ሚኒስትር» ቢል ልክ ነው። ካርዱ ግን «መሪ» ነው የሚለው። ጭብጨባው ቀለጠ። ይህ የሚሆነው የት ነው? ወሎ! ወርቂት የገዛችበት ወሎ። በ1865 ምኒልክ ከመቅደላ አምልጦ እሷ ግዛት ሲገባ ልጇ በቴዎድሮስ እጅ እስረኛ ነበር። ቴዎድሮስ ልጇን ገደለባት። እሷም ምኒልክን አሳለፈችው። ሸዋ ገባ፣ የቀረውን ታውቁታላችሁ። ከሦስት ዓመት በኋላ እንግሊዞች መቅደላ ሲደርሱ አገሩን የሚሻሙት ወርቂትና ተቀናቃኟ መስተዋት ነበሩ፣ ሁለቱም ሴቶች። ከመቅደላ ይልቅ ስሪላንካ የሚቀርበው ሰው እዚህ ከተማ ውስጥ ሞልቷል። ወይዘሮ ስሂን ማን ናት ስትለው «ትምህርት ቤት ናት» ይልሃል። የንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ የእቴጌ መነን እናት ስትለው ደግሞ «ፈተና ላይ ይመጣል?» ብሎ ይጠይቅሃል።

አሁን እኔም አንድ ልጠይቅ። ይቺኛዋ ያለ ሽሙጥ ናት።

ከወሎ ገጠር ተነስታ፣ በባቲ ቁልቁል ወርዳ፣ የአፋርን በረሃ አቋርጣ፣ ኦቦክ ላይ ጀልባ ውስጥ ታጭቃ፣ ባብ ኤል መንደብን ተሻግራ፣ በጦርነት መሃል የመንን አልፋ ሳዑዲ የምትገባው ልጅ ስሟ ማን ነው? ካርታ የላት፣ ኮምፓስ የላት። ኮሎምበስ የደረሰው እስያ እየመሰለው ሞተ፣ እሷ የደረሰችበትን ጠንቅቃ ታውቃለች። በየቀበሌው አሉ። አንዳንዷ ባሕር ውስጥ ቀርታለች። ስሟን የጻፈው ደላላው ብቻ ነው፣ እሱም ዕዳ ለመያዝ። የተመለሰችዋን ደግሞ ያ ቴሬሽኮቫን በቃሉ የሚደግመው ሰውዬ «ምን ይዛ መጣች?» ይላል። ነውር ነው! ማርኮ ፖሎ ያላየውን ያየች ልጅ አጠገብህ ቁጭ ብላለች። ምን አየሽ አትላትም? እንዴት ተረፍሽ አትላትም? ጆሮህን ምን ደፈነው?

ይቅርታ። ምስጋና ላይ ነበርን።

ውድድሩ በሰላም ተጠናቀቀ። ፔርሙዙን የወሰደው አንድ ጎረምሳ ነው። አልቫሬዝንም፣ ባንዳራናይኬንም መልሷል፣ ይገባዋል። መድረክ መሪው ሊዘጋ ሲል ኪሱን ዳበሰ። የመኪናው ቁልፍ የለም። አምስቱም የመድረክ ሰዎች ተነሱ። ወንበር ተገፋ፣ የጠረጴዛ ልብስ ተገለጠ። አንዱ የአበባ ማስቀመጫውን ገልብጦ ውሃውን ሱሪው ላይ አፈሰሰ። ያቺ የላስታ እናት ስኒ ሲሰበስቡ ወንበር ሥር አዩት። አነሱትና በሁለት እጃቸው ሰጡት።

መድረክ መሪው ማይኩን ያዘ። ደስታው ከፊቱ ላይ ይነበባል።

«ቁልፌን አግኝቼዋለሁ፣ አመሰግናለሁ!» አለን። አጨበጨብን።

እሳቸው ከኋላ ስኒ እየቆጠሩ ነበር። አንድ ጎድሎባቸዋል። ደግመው ቆጠሩ፣ ያው ጎዶሎ ነው። መብራቱን አጠፉባቸው።