ፒያሳ አካባቢ

ደሴ ውስጥ ሰውን «ሰፈርህ የት ነው?» ብሎ መጠየቅ ደመወዙን እንደ መጠየቅ ነው፤ ሁለቱንም ትንሽ ጨምሮ ነው የሚነግርህ። ሆጤ የሚያድረው «ፒያሳ አካባቢ» ይላል። ቧንቧ ውሃ የሚያድረውም «ፒያሳ አካባቢ» ይላል። (ቧንቧ ውሃ ስሟን ያገኘችው ውሃው ይመጣ በነበረበት ዘመን መሆን አለበት።) ቦሩ ሜዳ መዳረሻ ላይ ቤት የሠራው ሰውዬ እንኳ ጉሮሮውን ጠረግ አድርጎ «ፒያሳ አካባቢ፣ ትንሽ ወጣ ብሎ» ይላል። ሁሉም እንዳለው ከሆነ እኛ የደሴ ሰዎች በየማታው ፒያሳ ላይ ተደራርበን ነው የምናድረው ማለት ነው። እኔ ግን አንድ ቀን በምሽቱ አራት ሰዓት በዚያ ሳልፍ ያገኘሁት የባንክ ዘበኛና የተዘጋ ጫማ ቤት ነው።

ይህቺ ጽሑፍ የምስጋና ናት። ዳር ያለውን ዳር፣ መሀል ያለውን መሀል አድርገው፣ አንዴ አፍንጫቸውን ነፋ በማድረግ ብቻ ሰውን በየሰፈሩ ለሚመድቡልን ወገኖች። እነሱ ባይኖሩ የካርታ ሥራ ስንት ገንዘብ ይፈጅብን ነበር!

የእኔን ሰፈር ስም አልጠራም። ከተማዬ ያስተማረችኝን ጨዋነት በአንድ ጽሑፍ አላፈርስም። ምልክቱን ብቻ ልንገራችሁ፤ አስፋልቱ ካለቀ በኋላ፣ ባጃጅ ሁለት ጊዜ አርፎ የሚወጣው ዳገት ላይ ናት። ከጦርነቱ በፊት በገብስ ማሳና በባሕር ዛፍ መካከል ጣል ጣል ያሉ ቤቶች ነበሩ፤ ከእነሱ አንዱ የእኔ ነው። ሞልታ ሰፈር የተባለችው ከ2014 በኋላ ነው። ተፈናቅሎ መጥቶ መመለሻ ያጣው፣ የመሀል ከተማ ኪራይ ያባረረው፣ ንብረቱ ተዘርፎ ከዜሮ የጀመረው፣ ሁሉም ጭቃውን አቡክቶ፣ ቆርቆሮውን መትቶ ገባ። በሩ ሰማያዊ፣ አጥሩ ያገለገለ ቆርቆሮ፣ ጓሮው አንድ መደብ ጎመን። እንዲህ ያለች ሰፈር ናት። ክፉዋን እንድነግራችሁ የምትጠብቁ ከሆነ ወደ ካፌ ውረዱ፤ እኔ የምኖርባት ሰው በመሆኔ ብዙም አላውቃትም።

የሚያውቋት እዚያ ናቸው። አንድ ወዳጄ አለ፤ ሰፈራችንን በሕይወቱ አንድ ቀን ረግጧት አያውቅም፣ ጓዳዋን ግን አብጠርጥሮ ይነግርሃል። ማኪያቶውን እያማሰለ «እዚያ እኮ ሌባው በቀን ነው የሚሠራው» ይላል። «ጅብ በር ያንኳኳል አሉ።» ከዚያ ማንኪያውን አስቀምጦ፣ ከልቡ አዝኖ፣ «ለመሆኑ እዚያ ሰው ይኖራል እንዴ?» ብሎ እኔን ይጠይቀኛል። እኔም እንደሱ አዝኜ ራሴን እነቀንቃለሁ። ስለ ጅቡ ግን አንድ ነገር ልመስክር፤ እውነት ነው፣ በሰፈራችን ያልፋል። አይቆምም እንጂ። ማታ ማታ ወደ መሀል ከተማ ነው የሚወርደው፤ የቆሻሻ ገንዳው ያለው እዚያ ነው። ንጋት ላይ ጠግቦ ሲመለስ ደግሞ በእኛ በኩል ያልፋል፤ እሱም ቢጠይቁት «ፒያሳ አካባቢ» ሳይል አይቀርም። በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ያለው የእሱ ዘር አይደል?

ስለ ሌባውም እንዲሁ። በሰባት ዓመት ውስጥ የተሰረቅሁት አንድ ጃንጥላና አንድ ስልክ ነው። ሁለቱም የተሰረቁት መሀል ከተማ ነው።

ይህ የመጠየፍ ሙያ ለደሴ የተፈጥሮ ስጦታ አይደለም፤ በትምህርት የመጣ ነው። የወሎው ንጉሥ ሚካኤል እዚሁ ከተማ ግብር የሚያበሉበት አዳራሽ አሠርተው ስሙን «አይጠየፍ» አሉት። ደሃ ከሀብታም ሳይለይ ስለሚያስገባ ነው ይላሉ አዋቂዎች። እንግዲህ ኋላ ቀርነት ማለት ይህ ነው። አዳራሹ ዛሬም አለ፤ እኛም ስሙን ሳንጠራ አንውልም። «አይጠየፍ ጋ አውርደኝ» እንላለን፤ ገና ሳንወርድ ግን አጠገባችን የተቀመጠው ሰው ሰፈሩን ሲናገር ቦርሳችንን ወደ ደረታችን እንጠጋለን።

ስለ ፒያሳም ታሪክ ከተነሳ አይቀር፤ ጣሊያን በሚያዝያ 1928 ደሴ ገብቶ በሚያዝያ 1933 ተሸንፎ ወጣ። አምስት ዓመት ነው። ካስቀረልን ነገር አንዱ ይህች ቃል ናት፤ በአገሩ ቋንቋ አደባባይ ማለት ናት። ወላጆቻችን በገዛ አፋቸው ያወጧቸው ስሞች ሲጠሩ፣ ሰኞ ገበያ ሲባል፣ ቧንቧ ውሃ ሲባል፣ አንገታችንን እንሰብራለን፤ ጠላት ጥሎት በሄደው ስም ግን ደረታችንን እንነፋለን። የአርበኛ ልጅነት እንዲህ ነው የሚታወቀው።

ባለፈው ክረምት ማታ፣ ዝናቡ እያካፋ፣ አንድ ባጃጅ አስቆምኩ። የምሄድበትን በለሆሳስ ነገርኩት።

«እዚያ አልሄድም።»

«ለምን?»

«ጭቃው፣ ሌባው፣ ደግሞም ባዶዬን ነው የምመለሰው።»

«እጥፍ ልክፈልህ።»

«ግባ በቃ።»

እጥፍ ሲከፈል ሌባ እንደሚጠፋ ያን ቀን ተማርኩ። መንገዱን ሙሉ ስለ ሰፈራችን አስፈራራኝ፤ እኔ ራሴ ወደ ቤቴ መሄዴን እስክጠራጠር ድረስ። ዳገቱን ሲወጣ ግን አንድ ነገር ገረመኝ፤ ጉድጓዱን ሁሉ በጨለማ ያውቀዋል። እዚህ ጋ ወደ ግራ፣ እዚያ ጋ ወደ ቀኝ፣ ድንጋዩን አለፍ። ውሻው ሳይጮህበት ቀረ፤ ጭራሽ ጅራቱን ቆላለት። እኔን አውርዶ ወደ ታች የተመለሰ መስሎኝ ነበር፤ ሦስት በር ወረድ ብሎ ካለች የቆርቆሮ ዳስ ሥር ሞተሩን አጥፍቶ ባጃጁን ሸራ አለበሳት። ጠዋት ቦኖ ላይ ተገናኘን፤ እሱ ሁለት ቢጫ ጀሪካን፣ እኔ ሁለት ቢጫ ጀሪካን። ተያየን።

«ዘመድ ጋ አድሬ ነው» አለኝ።

«እኔም» አልኩት። ተራችን ደርሶ ቀዳን።

ከሁሉ ግን የሰርጉ ካርድ ይበልጣል። ጎረቤታችን ልጃቸውን ሲድሩ ጥሪው ላይ የቤታቸውን አድራሻ «ከፒያሳ ከፍ ብሎ» ብለው አሳተሙ። ውሸት የለበትም፤ እኛ ከፒያሳ ከፍ ያልን ነን፣ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል። እንግዳው ከረባቱን አስሮ፣ ባለተረከዝ ጫማውን ተጫምቶ መጣ፤ ፒያሳን ዞራት። ስልክ ደወለ። «ትንሽ ከፍ በሉ» ተባለ። ከፍ አለ። «አሁንም ትንሽ ከፍ» ተባለ። አንዳንዱ ከፍ ከፍ እያለ የጦሳ ተራራን ግርጌ ነክቶ ተመለሰ ይባላል። የደረሰው ደረሰ፣ ያልደረሰው ከዚያው ከመንገዱ ወደ ሌላ ሰርግ ገባ። ድስቱ ግን ለሦስት መቶ ሰው ነበር የተጣደው። ያ ሁሉ ቀይ ወጥ እንዳይበላሽ ሙሉ ሰፈሩ፣ ካርድ የተሰጠውም ያልተሰጠውም፣ ሳህኑን ይዞ ወጣ። የሙሽሪት አባት መጀመሪያ ተቆጡ፣ ኋላ ዳር ቆመው እያዩ «ምን አለ አድራሻውን ሁሌ እንዲህ ብንጽፈው» ሲሉ ሰምቻለሁ።

ሰፈሩ ሌላ ጊዜም ተፈልጎ ያውቃል። በጥቅምት 2014 ከተማዋ በጦርነቱ ስትያዝ አስፋልት የሌለው ሰፈር ድንገት ተወደደ። ያን ጊዜ መኪና የማይወጣው ዳገት ጥሩ ዳገት ነበር። ዘመዶቼ ከፒያሳ፣ ማለቴ ከእውነተኛው ፒያሳ፣ አሥራ አንድ ሆነው ሁለት ክፍል ቤቴ ውስጥ ገቡ። ከተማዋ እስከተለቀቀችበት እስከ ኅዳር 27 ድረስ የጎረቤት ቆሎ፣ የጎረቤት ሽሮ፣ የጎረቤት ከሰል። ከማዶ ቤት ያሉት አሮጊት ዱዓቸውን አድርገው ሲጨርሱ ዳቦውን ቆርሰው በአጥሩ ቀዳዳ ያቀብሉን ነበር። ታች ሆስፒታሉ ሲዘረፍ፣ ሙዚየሙ ሲዘረፍ፣ የእኛን ሰፈር ዞር ብሎ ያያት የለም። ከመናቅ የሚገኝ ጥቅም ቢኖር ይህ ነው። ዘመዶቼ ሲወርዱ አሮጊቷን አቅፈው እያለቀሱ ወረዱ። በዓመቱ ለፋሲካ ብጠራቸው «ውይ፣ ያ ዳገት! እስካሁን እዚያ ናችሁ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ሰው እንዴት ከነውለታው ይኖራል።

ሰፈራችን ጥሩ ነገር የላትም አልልም፤ ነገር ግን የሰፈር ስም ስለሚያበላሽ አይወራም። ለምሳሌ ሰኞ ሰኞ ወደ ገበያ የሚወርደው ሽንኩርት መጀመሪያ በእኛ በር ነው የሚያልፈው፤ ሴቶቹ ከአህያው ጀርባ ላይ ነው የሚገዙት። ያው ሽንኩርት ታች ወርዶ ፌስታል ሲለብስ ዋጋው ሌላ ነው፤ የመሀል ከተማ ሰው የሚከፍለው ለፌስታሉ መሆኑ ግልጽ ነው። ቅሬያችንም፣ ማለት እድራችን፣ አለች፤ ሰው ከሞተ ድንኳኑ ከዘመዱ ቀድሞ ይደርሳል። ቡናውማ ችግር ሆኗል፤ አቦል አንድ ቤት፣ ቶና ሌላ ቤት፣ በረካ ሦስተኛው ቤት ሲሉ ግማሽ ቀን ያልቃል። ብርዱን አትጠይቁኝ፤ ደሴ ራሷ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ናት፣ እኛ ደግሞ «ከፍ ብሎ» ነን። ጠዋት ጉሙ ከጦሳ ሲወርድ የራስህ በር ይጠፋሃል። ሲገለጥ ግን ከተማዋ በሙሉ ከእግርህ ሥር ትዘረጋለች፤ የሚያብረቀርቀው ቆርቆሮ፣ ሚናሬቱ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት፣ አዲሱ የኮሪደር መብራት ሳይጠፋ ያደረው። ደሴ የምታምረው ከእኛ ሰፈር ሆነው ሲያይዋት ነው። ከፒያሳ ሆኖ ፒያሳን ማየት አይቻልም።

ሙያው ደግሞ በእኛ ከተማ ብቻ አይቆምም። ኮምቦልቻን «ታች ያለችው ቆላ» ብለን ነው የምናልፋት። አውሮፕላን የሚያርፈው እሷ ጋ ነው፣ በ2009 የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ እሷ ጋ ነው፤ ይሁን። እዚያ ከአውሮፕላን ወርደን «ደሴ ገባሁ» ብለን እንደውላለን፤ የሐረጎን ዳገት ገና ልንወጣ፣ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረን። ከዚያ ደግሞ 400 ኪሎ ሜትር ተጉዘን አዲስ አበባ ስንገባ የአጎቴ ልጅ «ክፍለ ሀገሮች መጣችሁ?» ይለናል። እሱ የሚኖረው ቦሌ አካባቢ ነው። ሁለት ታክሲ ተሳፍረን፣ አንድ ባጃጅ ይዘን፣ የቀረውን በእግር ሄደን ደረስን።

እኛም ባዶ እጃችንን አልቀረንም። ከሰፈራችን ገደሉን ተሻግሮ አምና ጀምሮ አዳዲስ ቤቶች በቅለዋል። እዚያ ደግሞ ባጃጅም አይደርስ። ባለሱቋ ለማዶ ሰዎች ዱቤ አትሰጥም፤ ለምን ብላት «ኧረ አያ፣ የማዶ ሰው ይታመናል?» አለችኝ። የማዶዎቹስ የት ነን እንደሚሉ አጣርቻለሁ። የእኛን ሰፈር ስም ጠርተው «አካባቢ» ይላሉ። ይህን የሰማሁ ዕለት ሰፈራችን ትልቅ ደረጃ ላይ መድረሷ ገብቶኝ፣ እውነት ለመናገር፣ ደስ ብሎኝ አደርኩ።

ባለፈው ሳምንት ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ስልኬ ጠራ። ማኪያቶ አማሳዩ ወዳጄ ነው። ድምፁን ዝቅ አድርጓል፤ ሚስቱ እንዳትሰማ ይሁን ጎረቤት አላወቅሁም።

«ወንድሜ፣ ኪራዩ አናቴ ላይ ወጣ። እንዲያው እዚያ… እናንተ ጋ… ትንሽ ቦታ፣ መቶ ካሬም ብትሆን፣ የሚሸጥ ይገኝ ይሆን? የኔ ስም እንዳይነሳ ብቻ።»

«የት ጋ?» አልኩት።

የሰፈሬን ስም በሹክሹክታ ጠራው። እንዲህ ሙሉ ስሟን አሳምሮ ሲጠራት የሰማሁት የመጀመሪያው የመሀል ከተማ ሰው እሱ ነው።

«ኧረ እኔ እዚያ ሰው አላውቅም» አልኩት። «እኔ እኮ ፒያሳ አካባቢ ነኝ።»