ከአጥር ማዶ ላሉት ለክቡር ፓምፕ

ለ፦ ክቡር ሰመርሲብል (ጉድጓድ ውስጥ ጠልቆ ውኃ የሚስብ) ፓምፕ
አቃቂ ዳርቻ

ጉዳዩ፦ የራሳችንን ውኃ እንድንገዛ ስለፈቀዱልን ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡርነትዎ እንደምን አደሩ? እኛ እንኳ የእርስዎን ጉርምርምታ ስናዳምጥ ነው ያነጋነው። ጤናዎ ደህና መሆኑን ሰምተናል፤ ተመስገን ነው።

ጌታዎ ያስተከሉዎት ዕለት ካርታቸውን ዘርግተው «በገዛ ግቢዬ ነው የማስቆፍረው» ብለውናል። እውነታቸውን ነው፤ ግቢው በካሬ ሜትር ተለክቷል። የከርሰ ምድር ውኃ ግን ካርታ አያነብም። እርስዎ በሳቡ ቁጥር በዙሪያዎ ያለው ውኃ ወደ እርስዎ እያዘነበለ ዝቅ ይላል፤ ቀድሞ የሚደርቀውም ጥልቀት የሌለው ጉድጓድ ነው። ጥልቀት የሌለን እኛ ነን። አባቶቻችን በዶማ ለቆፈሩት ጉድጓድ ገመድ ብንቀጥል፣ ብንቀጥል፣ ባልዲው ጭቃ ይዞ መውጣት ጀመረ። እርስዎ ግን አልጨከኑብንም፤ ያንኑ ውኃ በጀሪካን ይሸጡልናል።

ቆፋሪዎቹ «የምንስበው የታችኛውን ውኃ ብቻ ነው» ብለው ነበር። ለዚያማ ከላይ ባለው የውኃ ንጣፍ በኩል በኬሲንጉ (ጉድጓዱ ውስጥ በሚወርደው ቱቦ) ዙሪያ ያለውን ክፍተት በሲሚንቶ መድፈን ነበረባቸው። ሲሚንቶ ተወደደ አሉ። (ምን ያልተወደደ አለና!)

የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 የአገሪቱ ውኃ ሁሉ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት ነው ይላል። በእጅ ለሚቆፈር ጉድጓድ ፈቃድ አይጠይቅም፤ እንደ እርስዎ ላሉ ክቡራን ግን ይጠይቃል። የጌታዎን ፈቃድ እንይ ብንል «ሂደት ላይ ነው» ተባልን። እስከዚያው የሰፈራችን ብቸኛ የውኃ ተቆጣጣሪ መብራት መጥፋት ነው። መብራት በጠፋ ማግስት ጉድጓዳችን ትንሽ ይሞላል። መብራት ሲጠፋ እልል የሚል ሰፈር የኛ ሳይሆን አይቀርም።

እድራችን፣ ክቡርነትዎ፣ አንዲት ጭልፋ ብትጎድል ጠቅላላ ጉባኤ ይጠራል፤ ጸሐፊው ማን ድስት ተውሶ እንዳልመለሰ በቃሉ ይነግርዎታል። ሁላችንም ከሥሩ የምንጠጣው ውኃ ግን መዝገብም ሰብሳቢም የለውም። ስለዚህ በየወሩ ጫፉ ላይ ክብደት የታሰረበት ሜትር በየጉድጓዱ ሰደን፣ ውኃው ስንት ሜትር ላይ እንዳለ ከወር መዋጮው ጎን ልንጽፍ አስበናል። ለእርስዎም ጉሮሮ ላይ ቆጣሪ ይገጠማል። ውኃው ከተስማማንበት ምልክት ከወረደ በፈረቃ ይሠራሉ፤ የሽያጩም ሒሳብ በእድሩ ፊት ይነበባል። ክረምት ሲገባ ደግሞ የጣሪያችንን ዝናብ ወደ አስፋልቱ መልቀቅ ትተን፣ መረሬውን ጥቁር አፈር አልፎ በተቆፈረና ድንጋይ በተሞላ ጉድጓድ እናሰርጋለን። ጌታዎም ያን ሰፊ ቆርቆሯቸውን እንዲያበድሩን ይንገሩልን።

ለስብሰባው እሑድ ከቅዳሴ መልስ ይጠበቃሉ። ድምፅዎን ግን ቀነስ አድርገው ይምጡ።

ከሠላምታ ጋር
ባልዲ ያዦቹ

ግልባጭ፦
ለጌታዎ
ለእድሩ ጸሐፊ
ለመብራት (እስከ እሑድ ድረስ እንደ ልማዷ እንድትጠፋልን)