ቆጮም ስኳር ከፍ ያደርጋል

«ቆጮ እህል ስላልሆነ ስኳር ከፍ አያደርግም፤ ክትፎ በቆጮ ለስኳር ሕመምተኛ ምቹ እራት ነው» የሚለውን አስተያየት ብዙዎች ሲቀባበሉት አየሁ። ክትፎው፣ አይቡና ጎመኑ በእርግጥ ካርቦሃይድሬታቸው ጥቂት ነው፤ እሰየው፣ ይብሉ። ቆጮው ግን ከእንሰት ግንድና ሥር ተፍቆ፣ ተብላልቶ የተጋገረ ስታርች ነው። እህል ባይሆንም ሆድ ውስጥ ወደ ግሉኮስ፣ ማለትም ወደ ስኳር፣ ይለወጣል።

ማረጋገጫው በእጅዎ ነው፦ ከእራት በፊት፣ እንዲሁም መብላት ከጀመሩ ከ2 ሰዓት በኋላ ጣትዎን ወግተው ይለኩ። ለአብዛኞቹ አዋቂ ሕመምተኞች ከምግብ በኋላ የሚመከረው ከ180 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች ነው። የክትፎው ቅቤ የምግቡን መፈጨት ስለሚያዘገይ ስኳሩ ዘግይቶ ሊጨምር ይችላል፤ ሊተኙ ሲሉም ልኬቱን ይድገሙት። «ቆጮ አይቆጠርም» ብለው የማታ መድኃኒትዎን እንዳይዘሉ አደራ።